«አይ ሰቨን ነው» ከተባላችሁ በኋላ፦ በአነስተኛ ገንዘብ የጌም ኮምፒውተር ስለመገጣጠም

ጎንደር ላይ ለተማሪዎችና ለጌም ወዳጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪና ቴዎድሮስ ግቢዎች የመጣችሁ ተማሪዎች ትበዛላችሁ፤ ከኋላ ደግሞ ልጆቻቸው «ኮምፒውተር ግዙልን» ብለው ያስጨነቋቸው አባቶችና እናቶች ተቀምጠዋል። እንኳን ደህና መጣችሁ። ሱቅ ስትገቡ ሁላችሁም የምትሰሙት ንግግር አንድ ዓይነት ነው። «አይ ሰቨን ነው»፣ «ባለ 8 ጊጋ ካርድ ነው»፣ «500 ዋት ነው»፣ «16 ጊጋ ራም አለው»። ሻጩ አንዱንም ሳይዋሽ ኮምፒውተሩ ጌም ላይ ስታክ የሚያደርግ ሊሆን ይችላል። የሚነገራችሁ ትልቁ ቁጥር ነዋ! ጌሙን የሚያስኬደው ቁጥር ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ደቃቅ ቁጥር ነው።

የብር ዋጋ አልጠራም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ የጠራሁት ዋጋ በሚቀጥለው ወር ሊያሳስታችሁ ይችላል። ድርሻውን ግን ያዙት። ሞኒተሩን ሳይጨምር ካላችሁ ገንዘብ 40 በመቶ ያህሉ ምስሉን ለሚሠራው ለግራፊክስ ካርድ ይሂድ። ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው)፣ ማዘርቦርድ (ሁሉም የሚሰካበት ቦርድ) እና ራም (ጊዜያዊው ሚሞሪ) አንድ ላይ 35 በመቶ ይውሰዱ። ከቀረው ላይ መጀመሪያ ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሳፕላይ፣ ቀጥሎ ፈጣኑን ዲስክ፣ ኤስኤስዲውን ግዙ። ኬዝ፣ ማለትም ሳጥኑ፣ የመጨረሻው ነው። ኬዙ ላይ የሚያበሩት ባለቀለም ፋኖች ጌሙ ላይ አንዲት ፍሬም (በሰከንድ ከሚታዩት ምስሎች አንዷን) አይጨምሩም።

ስክሪኑና ጌሙ

ገንዘቡ ከመከፋፈሉ በፊት በምን ስክሪን ምን እንደምትጫወቱ ወስኑ። 1366 በ768 የሆነ አሮጌ ሞኒተር አንድ ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት፤ 1920 በ1080 የሆነው ደግሞ ሁለት ሚሊዮን ያህል። ሞኒተር በቀየራችሁ ዕለት የካርዱ ሥራ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሞኒተሩ 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ከሆነ፣ በሰከንድ 140 ምስል የሚያወጣ ካርድ ብትገዙም የምታዩት 60ውን ነው።

ጌሞቹም ጠባያቸው ይለያያል። ዶታ 2፣ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት የሚያስጨንቁት በዋናነት ፕሮሰሰሩን ነው። የኳስ ጌሞች መካከለኛ ናቸው። አዳዲሶቹ ባለታሪክ ጌሞች ግን ካርዱንና የካርዱን ሚሞሪ ይበላሉ። ያረጀ ማሽን ለመግዛት ያሰባችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉት የደኅንነት መከላከያዎች ካልበሩ አይነሳም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ፕሮሰሰር፦ ከ«አይ ሰቨን» ቀጥሎ ያለው ቁጥር

ዴስክቶፕ ላይ የኢንቴልን ጀነሬሽን ለማወቅ ከመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች በፊት ያለውን አንብቡ። 2600 ሁለተኛ ነው፣ 8500 ስምንተኛ፣ 12400 አሥራ ሁለተኛ። ኮር አይ 7-2600 እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሲሆን 4 ኮር (የስሌት ክፍል) እና 8 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ ተራ) አለው። ኮር አይ 3-12100ኤፍ በ2022 ወጣ፤ እሱም 4 ኮርና 8 ትሬድ ነው። በቆጠራ እኩል ናቸው። ሥራ ላይ ግን የአይ 3ው አንድ ኮር የአሮጌውን አይ 7 አንድ ኮር ሁለት እጥፍ ያህል ይሠራል። በዚያ ላይ አሮጌው ኤቪኤክስ 2 የሚባለውን የትእዛዝ ስብስብ ስለማያውቅ፣ እሱን የሚጠይቁ አዳዲስ ጌሞች ጭራሽ አይከፈቱበትም። ስለዚህ «አይ ስንት ነው?» ከማለት «ሙሉ ቁጥሩን ጻፍልኝ» ማለት ይሻላል።

ኤኤምዲ ላይ ወጥመዱ ሌላ ነው። ራይዘን 5 5600 እና ራይዘን 5 5500 ሁለቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ ናቸው። የመጀመሪያው 32 ሜጋባይት ኤል 3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሚሞሪ) አለው፣ ካርዱ የሚገናኝበትን መንገድ፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስን፣ በ4.0 ይደግፋል። ሁለተኛው 16 ሜጋባይትና 3.0 ነው። ጌም ካሽ ይወዳል፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ 5600ን ውሰዱ። ራይዘን 5 3400ጂ ደግሞ በስሙ የ3000 ተከታታይ ይመስላል እንጂ የውስጡ ሥሪት የ2000ዎቹ ነው፤ ኮሩም 4 ነው።

በኢንቴል ቁጥር መጨረሻ «ኤፍ» ካለ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። ብዙ ሰው ስለሚረክስ ይመርጠዋል፤ ምርጫው ስሕተት አይደለም። ነገር ግን እዚህ ካርዳችሁ ቢበላሽ ምትኩ ከአዲስ አበባ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚመጣው። እስኪመጣ ድረስ ባለ «ኤፍ» ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ስክሪኑ ጨለማ ነው፤ የክፍል ሥራ እንኳን አይጻፍበትም። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ «ኤፍ» የሌለውን እመርጣለሁ። ይህ የአዲስ አበባ ገዢ ብዙም የማያስበው የእኛ ስሌት ነው።

የምመክራችሁ፦ ለዶታና ለካውንተር ስትራይክ ብቻ ከሆነ 12100ኤፍ ይበቃል። አዳዲስ ጌሞችን ለጥቂት ዓመታት ለመጫወት 6 ኮር ያለው 12400 ወይም 5600 ይሁን። ኤኤም5 የተባለው አዲሱ የኤኤምዲ ሶኬት ጥሩ ነው፤ ግን ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሚቀበል ቦርዱና ራሙ የካርዱን ገንዘብ ይወስድባችኋል።

ማዘርቦርድ ላይ አልቆይም። ለ5600 ኤ520 ወይም ቢ550፣ ለ12400 ኤች610 ይበቃል። ሦስት ነገር ብቻ አረጋግጡ። አንደኛ፣ ኤች610 ቦርድ አንዱ ለዲዲአር4፣ ሌላው ለዲዲአር5 ተብሎ ይመረታል፤ ሁለቱ ራሞች መቆራረጫቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። ሁለተኛ፣ አሮጌ ባዮስ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያለው ቢ450 ላይ 5600 ቢገጠም ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ምንም አያሳይም። ሻጩ ባዮሱን አድሶ፣ አስነስቶ ያሳያችሁ። ሦስተኛ፣ ኤ520 እና ቢ450 የካርዱን ስሎት በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ነው የሚያስኬዱት። ይህ ለምን እንደሚጠቅም አሁን እንመጣበታለን።

ካርዱ፦ «ስንት ጊጋ ነው?» ብቻውን አይበቃም

የካርድ ሚሞሪ መጠን ሲያንስ ይጎዳል፣ ሲበዛ ግን ካርዱን አያፈጥነውም። 4 ጊጋ ያለው ካርድ አዲስ ጌም ላይ ሲሞላ የተረፈውን ከዋናው ራም ማምጣት ይጀምራል፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ለማግኘት እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ማለቅ አለበትና፣ ያ ምልልስ ሲጨመር ጌሙ ይቆራረጣል። አማካዩ ፍሬም ጥሩ ሆኖ እጅ ላይ ግን የሚያናድደው ለዚህ ነው።

ከሚሞሪው ቀጥሎ የሚሞሪ መንገዱን ስፋት በቢት ጠይቁ። 64 ቢት መንገድ ማለት የጥምቀት ዕለት የፋሲል ጥምቀተ ባሕርን ሕዝብ በአንዲት ጠባብ በር ማስወጣት ነው። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ 4 ጊጋና 64 ቢት ነው፤ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በ4 መስመር ብቻ ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 ላይ ይህ ይቻላል። 3.0 ላይ ያ ጠባብ መንገድ በግማሽ ይቀንስና ሚሞሪው ሲሞላ ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ኤ520፣ ቢ450 ወይም 5500 ይዛችሁ ይህን ካርድ አትግዙ። አርኤክስ 6400ም እንዲሁ 4 መስመር ነው።

አንድ ስም፣ ሁለት ዕቃ የሆኑ ካርዶችም አሉ። ጂቲ 1030 በጂዲዲአር5 ሲሆን በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በዲዲአር4 የተሠራው ግን 17 ጊጋባይት እንኳን አይሞላም። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋው 1280 ኮር፣ ባለ 3 ጊጋው 1152 ኮር ነው፤ ልዩነታቸው የሚሞሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አርቲኤክስ 3050 ባለ 8 ጊጋው 128 ቢትና 130 ዋት ሲሆን፣ ባለ 6 ጊጋው 96 ቢትና 70 ዋት ነው። እዚህ ላይ ደካማው መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ስለሆነ በኋላ ስሙን እንደገና ትሰማላችሁ። ዋጋው ግን የደካማው መሆን አለበት።

በብዛት የሚቀርብላችሁ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ ነው። ትክክለኛው 2304 የሥራ ክፍሎች አሉት። «2048ኤስፒ» የሚል ጭራ ያለው ግን ውስጡ አርኤክስ 570 ነው። ብዙዎቹ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያወጡ (ማይኒንግ ላይ) የኖሩ ናቸው፤ ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 አሠራሩን ቀይሮ በካርድ ማውጣት ሲቀር ገበያው ላይ ተራገፉ። ማይኒንግ ላይ መዋሉ ብቻውን ካርዱን አይገድለውም። የሚያልቁት ፋኖቹና የሚሞሪውን ሙቀት የሚያስተላልፉት ቴርማል ፓዶች ናቸው። የካርዱ የራሱ ባዮስም ለማይኒንግ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ጌም ሲከፈት ይዘጋል ወይም ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ያሳያል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የጥንት ቺፕ ሆኖ ባዮሱ ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጠው ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ እንዲህ ያለውን አብዛኛውን ጊዜ «ሐሰተኛ» ብላ ታሳውቃለች። የኮሩን ቁጥር፣ የቢቱን ስፋትና የሚሞሪውን ዓይነት እዚያው አንብቡ።

ለ1920 በ1080 ስክሪን፣ ካገኛችሁ የእኔ ምርጫ አርኤክስ 6600 ነው። 8 ጊጋ፣ 128 ቢት፣ 8 መስመር፣ 132 ዋት፤ አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ ይበቃዋል። ከ580 በጣም ፈጥኖ፣ ከ580ው 185 ዋት ግን አንሶ ይሠራል። ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰሉ መሳል) የሚችል ሃርድዌርም አለው። ይህን የማነሳው ለውበቱ አይደለም፤ ያ ሃርድዌር በሌለው ካርድ ላይ የማይነሱ ጌሞች መምጣት ስለጀመሩ ነው።

ፓወር ሳፕላይና የእኛ መብራት

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ከገንዘባችሁ ትንሹን የሚወስደው፣ ሲበላሽ ግን ሌሎቹን ይዞ የሚሄደው ዕቃ ይህ ነው። «500 ዋት» የሚለውን ትታችሁ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። «+12 ቮልት» ከሚለው ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዙ። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከዚያ ብቻ ነው። ጥሩ የሆነው 550 ዋት 45 አምፔር ያህል ይጽፋል፤ 540 ዋት ማለት ነው። ሁለት የ12 ቮልት መስመር ተጽፎ ከሆነ አምፔሩን ዝም ብላችሁ አትደምሩ፤ የሁለቱ ጣሪያ ለብቻው ይጻፋል።

ከፍላጎታችሁ ጋር አስተያዩት። 5600 ሙሉ ሲሠራ 76 ዋት፣ አርኤክስ 6600 132 ዋት፣ ቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኖቹ 50 ዋት ያህል። ድምሩ 260 አይሞላም። ካርድ ለቅጽበት ከተጻፈው በላይ ስለሚስብ ትርፍ ያስፈልጋል፤ ቢሆንም እውነተኛ 500 ወይም 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። 750 ዋት የሚል ርካሽ ከመግዛት እውነተኛ 500 መግዛት ይሻላል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ከግድግዳው ከሚገባው ኤሌክትሪክ ስንቱ ሥራ ላይ እንደሚውል ይነግራል እንጂ ስለ መከላከያዎቹ አይመሰክርም፤ ተለጣፊውም በቀላሉ ይታተማል።

ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ሳትሰኩ በፊት ተመልከቱ። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው፤ ማብሪያው 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይፈነዳል። ማብሪያው የሌለውና ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚለውን ምረጡ። አመሻሽ ላይ ቮልቴጅ ሲወርድ አምፖሉ ይደበዝዝ እንጂ እሱ ሥራውን ይቀጥላል። ባለ ማብሪያው ግን ኮምፒውተሩን እያጠፋ ያስነሳዋል፤ ሰውም ካርዱን ይጠረጥራል። እንዲህ ያለ ፓወር ሳፕላይ ከገዛችሁ ስታቢላይዘር ግዴታ አይደለም፤ ገንዘቡን መብራት ሲሄድ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ ለሚያቆየው ለዩፒኤስ አስቀምጡት።

ዩፒኤስ ለመጫወቻ እንዳይመስላችሁ። 650 ቪኤ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፤ ጌም ላይ ያለ ኮምፒውተርና ሞኒተር ሲሰካበት የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይበቃል። አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሳፕላይ ከርካሽ ዩፒኤስ ሞገድ ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ጌም እየሄደ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቅላችሁ ሞክሩት።

መብራት ሲሄድ የዲቫይደሩን ማብሪያ አጥፉ፤ ተመልሶ ከረጋ በኋላ አብሩት። ባዮስ ውስጥም ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርገውን ምርጫ አስተካክሉ፤ መብራት ሦስቴ ሄዶ ሲመጣ ሦስቴ እንዳይነሳ። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ከግድግዳው መንቀል ነው፤ የኢንተርኔቱንም ገመድ ጭምር። ኬዙን ስትነኩ እጃችሁን የሚወረው ነገር ካለ የቤቱ መስመር ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) የለውም ማለት ነው። የፓወር ሳፕላዩ ማጣሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ይለቃል፤ መውጫው ያ ሽቦ ነበር። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስገቡት። እስከዚያ የኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን ስትሰኩ ሁለቱም ከግድግዳ ተነቅለው ይሁን፤ ያለዚያ የካርዱን ፖርት ያቃጥላል።

ስለ ከተማችን አየርም አንድ ቃል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋን የሚገፋው አየር ስስ ከሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል፤ ኢንተርኔት ላይ ከምታዩት ፈተና ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል አትደንግጡ። ከፊት ወንፊት ያላቸው ሁለት ፋኖች፣ ከኋላ አንድ፣ ይበቃል። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ የበጋው አቧራ በየቀዳዳው አይገባም። ወንፊቱን በበጋ በየወሩ አራግፉ።

ራምና ዲስክ በአጭሩ። አንድ ባለ 16 ጊጋ ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4-3200 ግዙ። አንዱ ብቻ ሲሰካ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት፣ ሁለቱ በትክክለኛው ስሎት ሲሰኩ 51.2 ይሆናል። አራት ስሎት ካለ ከፕሮሰሰሩ ተነሥታችሁ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ነው። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒን አብሩ፤ ካልበራ የ3200 ከፍላችሁ በ2133 ወይም በ2666 ትሠራላችሁ። ዲስኩ 500 ጊጋ ያህል ኤስኤስዲ ይሁን። ሳታ የሚባለው ዓይነት በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ብዙ እጥፍ ይሄዳል፤ ጌም ሲከፈት ግን ልዩነቱ የቁጥሩን ያህል አይደለም። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ መሻገሩ ነው ትልቁ። ያገለገለ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ጤናውንና የሠራበትን ሰዓት እዩ።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር

ገንዘቡ ለአዲስ ካልበቃ ይህ ከሁሉ የሚያዋጣ መንገድ ነው፤ ካወቃችሁበት። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 አራተኛ ጀነሬሽንና ዲዲአር3 ነው፤ እለፉት። 7050 ስድስተኛና ሰባተኛ ነው። 7060 ስምንተኛ ሲሆን ኮር አይ 5-8500 የገባበት 6 ኮር አለው፤ ዊንዶውስ 11ም በይፋ የሚደግፈው ከስምንተኛ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ድንበራችሁ እዚያ ይሁን።

ቁመናውን ተመልከቱ። ቀጭኑን ሳይሆን ታወሩን ግዙ፤ ቀጭኑ ውስጥ የሚገባው ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ይወደዳል። የነዚህ ማሽኖች ፓወር ሳፕላይ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ሶኬት ከተለመደው 24 ፒን የተለየ ስለሆነ፣ ሌላ ገዝቶ መተካት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከስሎቱ ብቻ የሚመገብ ካርድ ምረጡ፤ ስሎቱ የሚሰጠው 75 ዋት ነው። ቅድም ያልኋችሁ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ 70 ዋት ነው፤ ቦታው ይህ ነው። የኃይል ገመድ የሌለው ጂቲኤክስ 1650ም ይሆናል። የዲስክ ገመድን በአዳፕተር ወደ ካርድ ገመድ ቀይሮ 580 ማስነሳት ግን ሽቦ የሚያቀልጥ ሥራ ነው፤ «ይሠራል» ቢሏችሁም እንዳትሞክሩት።

ከመክፈል በፊት፣ ከመግጠም በኋላ

ያገለገለ ዕቃ በጠፋ ኮምፒውተር አይገዛም። አስነሥታችሁ የፕሮሰሰሩን ማንነት የምታሳየውን ሲፒዩ-ዚን እና ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ፤ ከዚያ ካርዱን ፈርማርክ በተባለው የመፈተሻ ፕሮግራም 15 ደቂቃ አስጨንቁት። ሙቀቱ 85 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ካላቆመ፣ ፋኑ ካንኳኳ ወይም ስክሪኑ ከተዥጎረጎረ ተዉት። ሻጩ ከቸኮለ እናንተ አትቸኩሉ።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ካርዱ ከቦርዱ ተነቅሎ ለብቻው ይታሸግ። ተሰክቶ በአውቶቡስ ከመጣ በመንገዱ ንቅናቄ የራሱ ክብደት ስሎቱን ይሰብረዋል። ሻጩ ካርዱ ሲሠራ የሚያሳይ፣ የሴሪያል ቁጥሩም የሚነበብበት ቪዲዮ ይላክላችሁ፤ የመሞከሪያው ጊዜም ዕቃው ከተላከበት ሳይሆን ጎንደር ከደረሰበት ቀን እንዲቆጠር በጽሑፍ ተስማሙ።

ሲገጠም ቦርዱን ወደ ኬዙ ከማስገባታችሁ በፊት በካርቶኑ ላይ አስቀምጣችሁ አስነሡት። የኤኤም4 (የ5600ና የ5500 ሶኬት) ፒኖች ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፤ የሦስት ማዕዘኗን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኙ፣ ሳትጫኑ በራሱ ክብደት ይግባ። የኢንቴሉ ፒኖች ደግሞ ቦርዱ ላይ ስለሆኑ ጣት አይንካቸው። ሙቀት አስተላላፊው ቅባት፣ ቴርማል ፔስት፣ የአተር ፍሬ ያህል መሐሉ ላይ። አሮጌ የኤኤም4 ማቀዝቀዣ ስታወጡ ቀጥ አድርጋችሁ አትሳቡ፤ ፔስቱ ደርቆ ፕሮሰሰሩን ይዞት ይነሳል፣ ፒኑም ይጣመማል። ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ አሠርታችሁ ሲሞቅ አጥፍታችሁ፣ ግራና ቀኝ እያሽከረከራችሁ አላቅቁት።

ካልተነሳ በቅደም ተከተል ሂዱ፦ ከቦርዱ ጫፍ ያለው ባለ 8 ፒን የፕሮሰሰር ገመድ ተሰክቷል? ራሙ ቋ እስኪል ድረስ ገብቷል? በአንድ ራም ብቻስ? የሞኒተሩ ገመድ ካርዱ ላይ ነው ወይስ ቦርዱ ላይ? የመጨረሻው ሞኝነት ይመስላል፤ «አዲሱ ካርድ አይሠራም» ብሎ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን እሱኑ ነው።

ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ

አንዱ ወንድማችን «ካርዱን አሁን መግዛት ባልችልስ?» ብሏል። ራይዘን 5 5600ጂ ግዛ። የራሱ ግራፊክስ ስላለው ዶታን፣ ቫሎራንትንና የኳስ ጌሞችን ዝቅ ባለ ሴቲንግ ያስኬዳል። ሁለት ራም መሆኑ እዚህ ላይ ግዴታ ነው፤ ግራፊክሱ የሚበላው ከራሙ ነውና አንድ ራም ካደረግህ ፍሬምህ ክፉኛ ይወርዳል። ፓወር ሳፕላዩን ግን ዛሬውኑ ለነገው ካርድ በሚበቃ መጠን ግዛው። 5600ጂ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ስለሆነ በኋላ 4 መስመር ያለው ካርድ አትጨምርበት፤ 8 መስመር ያለው አርኤክስ 6600 ብዙ አይጎዳበትም።

አንዲት እናት ደግሞ «መብራት ሲሄድም ይሠራል፣ ላፕቶፕ አይሻልም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ለትምህርት ከሆነ እውነትዎን ነው፣ ላፕቶፕ ይግዙለት። ለጌም ከሆነ ግን ያው የስም ነገር እዚህም አለ። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 3050 በአብዛኛው 4 ጊጋ ነው፣ ኃይሉም እንደ አምራቹ ውሳኔ ከ35 እስከ 80 ዋት ይለያያል፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች ፍጥነታቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። በባትሪ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ኃይላቸውን ይቀንሳሉ። የሚገዙ ከሆነ ስንት ዋት የተፈቀደለት ካርድ እንደሆነና ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከተበየደ፣ በኋላ መጨመር አይቻልም።